ቅድስት ማክሪና፤ የቤተ ሰቡን ትዝታ የጠበቀች

በዚህ እትም ታሪኳን የምናቀርብላችሁ ሴት ስሟ በእኛ ዘንድ ብዙ ሲጠራ አይሰማም፤ ወንድሞቿን ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አንደኛው ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለት ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ነው። ሁለተኛው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ፣ ሦስተኛው የሰብስጥያው ጳጳስ ጴጥሮስ ነው። ከአንዲት እናት ማኅፀን ሦስት ጳጳሳት ወጡ ማለት ነው። ስለ ትምህርታቸውና ስለ መጻሕፍታቸው ሊቃውንቱ ብዙ ብለዋል። እኛ ግን እነዚህ ሰዎች በልጅነታቸው በማን እጅ በሉ፣ ጸሎትንስ ከማን አፍ ሰሙ ብለን መጠየቅ ወደድን። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።)

ነገሩ የሚጀምረው በጳንጦስ ነው። ጳንጦስ በዛሬይቱ ቱርክ በሰሜን በኩል፣ በጥቁር ባሕር አጠገብ የሚገኝ፣ ከቀጰዶቅያ ጋር የሚዋሰን አገር ነበር። በዚያ አገር በኒዮቂሣርያ ከተማ ማክሪና የምትባል ሴት ነበረች፤ ይህች ግን ታሪኳን የምንጽፍላት ማክሪና ሳትሆን አያቷ ናት። አያቲቱ ማክሪና የጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራትን ቃል በቃሏ ይዛ ትኖር ነበር። ጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራት የዚያች ከተማ ጳጳስ ሆኖ በ270 ገደማ ያረፈ አባት ነው፤ ሲሾም በከተማይቱ የነበሩት ክርስቲያኖች አሥራ ሰባት ብቻ፣ ሲያርፍም ያላመኑት የቀሩት አሥራ ሰባት ብቻ እንደ ነበሩ ይነገርለታል። ባስልዮስ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ በሃይማኖቱ ሲጠረጠር ለመከራከሪያ ያቀረበው አንዱ ነገር ይኸው ነበር፤ የያዘው ሃይማኖት አያቱ በሕፃንነቱ ያስተማረችው መሆኑንና ዕድሜው ሲጨምር ዕውቀቱ እንጂ እምነቱ እንዳልተለወጠ ጽፏል። በአቴና የተማረ ሊቅ ለሃይማኖቱ አያቱን ምስክር መጥራቱ እኛን እጅግ አስደንቆናል።

አያቲቱ የምታስተምረው በጆሮዋ የሰማችውን ብቻ አልነበረም። ክርስቲያኖች በሚሳደዱበት በመክሲሚኖስ ዘመን እርሷና ባሏ ሀብታቸው ተወርሶ፣ ሰባት ዓመት ያህል በጳንጦስ ጫካ ውስጥ ተሸሽገው ኖረዋል። በብርዱና በዝናቡ ከቤት ወጥተው፣ የሚበሉት የዱር አጋዘን ነበር። እንግዲህ በዚህ ቤት የተወለዱ ሕፃናት ከእሳት ዳር ተቀምጠው የሚሰሙት ተረት የገዛ አያቶቻቸው ስደት ነበር ማለት ነው።

የእነዚህ ስደተኞች ልጅ ታላቁ ባስልዮስ በጳንጦስ የታወቀ የንግግር ጥበብ መምህርና ጠበቃ ሆነ፤ ኤሜልያ የምትባል ልጅም አገባ። ኤሜልያ አባትና እናቷ የሞቱባት፣ እጅግ ያማረች ልጅ ነበረች። መልኳን ሰምተው የሚፈልጓት ብዙዎች ስለ ነበሩ እንዳትጠለፍ ያሠጋት ነበርና፣ በድንግልና ለመኖር ብትመኝም ጠባቂ እንዲሆናት ደግ ባል መረጠች። ጠለፋ በእኛ አገር ብቻ የነበረ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ልብ ይበል።

በ327 ገደማ የበኵር ልጃቸው ተወለደች፤ በአያቷም ስም ማክሪና ተባለች። ከእርሷ በኋላ የተወለዱት ተጨምረው ልጆቹ አሥር ደረሱ፤ ከእነርሱም ዘጠኙ አደጉ። ኤሜልያ ልጇን ለሞግዚት ብቻ አልተወቻትም። በዚያን ዘመን የጨዋ ልጅ ትምህርት የሚጀመረው በአረማውያን የግጥም መጻሕፍት ነበር፤ ኤሜልያ ግን ይህን ትታ የሰሎሞንን ጥበብና መዝሙረ ዳዊትን አስጠናቻት። ሕፃኗም ከመኝታዋ ስትነሣ፣ ሥራ ስትጀምርና ስትጨርስ፣ ማዕድ ሲቀርብና ሲነሣ፣ ልትተኛም ስትል ለእያንዳንዱ ሰዓት የሚገባውን መዝሙር ትደግም ነበር። ፊደል ቆጥረን ወደ ዳዊት የተሻገርን ሁሉ ይህች ልጅ የእኛው ሰፈር ልጅ ትመስለናለች። ከዚህም ጋር የበግ ጠጉር በመፍተልና በእጅ ሥራ የሠለጠነች ነበረች።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አባቷ ከጠያቂዎቿ መካከል ትምህርቱን የጨረሰ፣ ጠባዩ የተመሰገነ ወጣት መርጦ አጨላት። ወጣቱ ሠርጉ ሳይደርስ ሞተ። ወላጆቿ ሌላ ባል ሊያመጡላት ቢሞክሩ እርሷ እንቢ አለች። ምክንያቷም የሚያስገርም ነው፤ አባቷ አንዴ የወሰነው ጋብቻ እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል፣ እጮኛዋም በትንሣኤ ተስፋ ሕያው ስለሆነ ሩቅ አገር እንደ ሄደ ሰው ነው፣ መንገደኛ ባልን መክዳት ደግሞ ነውር ነው ብላ ተከራከረች። የጠበቃ ልጅ መሆኗ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። የአባቷን ትእዛዝ በአባቷ ቃል ረታችው።

ከዚያ በኋላ ከእናቷ ላትለይ ቆረጠች። አባቷ የመጨረሻው ልጅ ጴጥሮስ በተወለደ ጊዜ ስለ ሞተ፣ ኤሜልያ ዘጠኝ ልጆችና በሦስት አውራጃ የተበተነ ርስት ይዛ ቀረች፤ ለሦስት ገዦች ግብር ትከፍል ነበር። ማክሪና የዚህን ሁሉ ጣጣ ከእናቷ ጋር ተሸከመች። ሞግዚትና አገልጋይ በሞላበት ቤት፣ ጸሎቷን ስትጨርስ ለእናቷ እንጀራ የሚሆናትን በገዛ እጇ ትጋግር ነበር። ጎርጎርዮስ ስለ እኅቱ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ነገር ሳይዘል መጻፉን እንወድለታለን፤ ስለ ቅዱሳን ሲጻፍ ወጥ ቤቱ ብዙ ጊዜ ይረሳልና።

በ355 ወይም በ356 ገደማ ባስልዮስ ከአቴና ትምህርቱን ጨርሶ ተመለሰ። በዕውቀቱ እጅግ ታብዮ፣ የአገሩን ሹማምንት ሁሉ ከእርሱ በታች አድርጎ ያይ ነበር። (ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አያልፈውም።) ታላቅ እኅቱ ተቀብላ በምን ዓይነት አነጋገር እንደ መከረችው ወንድሟ በዝርዝር አልጻፈውም፤ የተጻፈው ውጤቱ ነው። ባስልዮስ ክብሩን ንቆ ወደ ምናኔ ኑሮ ገባ። የምናኔ ሕግ አባት የተባለው ሰው መንገዱን የጀመረው በእኅቱ ምክር ነው።

ቤቱ ሐዘን ያልደረሰበት አይምሰላችሁ። ከወንድሞቹ በመልክም በጉልበትም የሚበልጠው ናውክራጥዮስ በሃያ ሁለት ዓመቱ ሁሉን ትቶ በኢሪስ ወንዝ ዳር በጫካ ይኖር፣ እያደነ ችግረኛና በሽተኛ ሽማግሌዎችን ይመግብ ነበር። አምስተኛው ዓመት ላይ ለሽማግሌዎቹ ምግብ ፍለጋ እንደ ወጣ ከጓደኛው ጋር ሬሳቸው ተገኘ። እናቱ የሦስት ቀን መንገድ ርቃ ነበር፤ መርዶው ሲደርሳት ትንፋሿ ተቋርጦ ወደቀች። ማክሪና የገዛ ሐዘኗን ውጣ እናቷን ደግፋ አነሣች። እኅት መሆኗን ረስታ አልነበረም፤ የምትወደው ወንድሟ ነበር።

ከዚህ በኋላ በኢሪስ ዳር በአኔሲ ያለው ርስታቸው ገዳም ሆነ። ማክሪና እናቷን መክራ ከባሮቻቸውና ከገረዶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ እንድትበላ፣ እንደ እነርሱ ባለ መኝታ እንድትተኛ፣ በማዕረግ ሁሉ እኩል እንድትሆን አደረገች። በአራተኛው መቶ ዓመት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የርስት ባለቤት የሆነች ወይዘሮ ትናንት ያዘዘቻትን ሴት ዛሬ እኅቴ ብላ አጠገቧ ስታስቀምጣት፣ ሁለቱም ምን እንደ ተሰማቸው መገመት ነው። ጎርጎርዮስ በኋላ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም ሰውን በባርነት መያዝን አጥብቆ ነቅፏል፤ በዚያ ዘመን እንዲህ በግልጽ የነቀፈ ሌላ ጸሐፊ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይህን ከየት ተማረው ብንባል ከእኅቱ ማዕድ ነው ብለን እንመልሳለን፤ ይህ የእኛ አስተያየት ነው።

አባቱን ያላየውን ጴጥሮስን ያሳደገችው እርሷ ናት። አባትም እናትም መምህርም ሆነችው። ከሌላ ትምህርት ቤት ሳይገባ ከእርሷ ተምሮ፣ በእጅ ሥራ ሁሉ የበረታ ሰው ወጣው። በ369 ገደማ በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ ባስልዮስ በቂሣርያ ባለጠጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ሲያደርግ፣ ጴጥሮስ ደግሞ ለገዳሙ እህል ስላዘጋጀ ከሚመጣው ሰው ብዛት የተነሣ በረሃው ከተማ ይመስል ነበር። ማክሪና በመንገድ ዳር ወድቀው ያገኘቻቸውን ሴቶች ልጆች አንሥታ አሳደገች። እነርሱም በሞተች ጊዜ ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱላት ናቸው።

ኤሜልያ በ370 ገደማ በሽምግልናዋ ስታርፍ በአልጋዋ ግራና ቀኝ ሁለቱ ነበሩ፤ የመጀመሪያዋ ማክሪናና አሥረኛው ጴጥሮስ። በሁለቱ ላይ እጇን ጭና አንዷን እንደ በኵራት፣ ሌላውን እንደ ዐሥራት ለእግዚአብሔር ሰጠቻቸው። በባሏ መቃብር እንድትቀበርም አዘዘች።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ወደ ገፋፋን ነገር ደረስን። ዘመኑ 379 ነው። ባስልዮስ ካረፈ ዓመት አልሞላም። ጎርጎርዮስ በንጉሥ ዋሌንስ ጊዜ ተሰዶ ስለ ነበር እኅቱን ስምንት ዓመት ያህል አላያትም። ከአንጾኪያ ጉባኤ ሲመለስ ሊጠይቃት መጣ፤ ትኩሳት ይዟት ከመሬት ላይ፣ ማቅ በለበሰ ሳንቃ ላይ ተኝታ አገኛት። ስለ ባስልዮስ ሲነሣ ጳጳሱ አለቀሰ፤ በሽተኛይቱ ግን ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ እያስተማረች አጽናናችው። ያን ንግግር በኋላ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አደረገው፤ በመጽሐፉም እርሷን መምህር ብሎ ይጠራታል።

ጥቂት ካረፈ በኋላ ዳግመኛ አስጠራችው። በዚህ ጊዜ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለፈውን ሁሉ፣ ከመጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው በተራ ትተርክለት ጀመር። የአባታቸው ወላጆች ክርስቶስን በመመስከራቸው ሀብታቸው እንደ ተወረሰ፣ የእናታቸው አያት በንጉሥ ቍጣ እንደ ተገደለ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን ቤቱ እንደ ገና እንደ በረከተ፣ ርስቱ ለዘጠኝ ተከፍሎ እንኳ የእያንዳንዱ ድርሻ ከወላጆቻቸው ሀብት እንደ በለጠ ነገረችው። እርሷ ግን ድርሻዋን በካህን እጅ ለድሆች አሳልፋ ሰጥታ በእጇ ሥራ ትኖር ነበር።

ጎርጎርዮስ ደግሞ በተራው የራሱን መከራ፣ ስደቱንና የአብያተ ክርስቲያናቱን ሁከት ቢያጫውታት ገሠጸችው። አባታቸው በትምህርቱ የተመሰገነ ቢሆንም ዝናው ከአገሩ ሸንጎ አላለፈም፤ እርሱ ግን በብዙ ከተማና በብዙ ሕዝብ ዘንድ የታወቀ፣ አብያተ ክርስቲያናት ለእርዳታና ለማስታረቅ የሚልኩት ሆኗል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ከወላጆቻቸው ጸሎት የመጣ መሆኑን እንዴት አላስተዋለም? እርሱም ቀኑ ባያልቅ ብሎ ተመኘ። ሃምሳ ዓመት ያህል በልቧ የጠበቀችውን ያን ቀን ባትነግረው ኖሮ፣ እኛም ዛሬ ስለ አያቷም ስለ እናቷም ይህን ያህል ባላወቅን ነበር። በመካከላችን አያቱን የሚያስተኛትን ጸሎት ማን እንዳስተማራት የጠየቀ ስንት ሰው ይኖር ይሆን?

በማግስቱ ማታ መብራት ሲገባ የሠርክ ጸሎቷን በከንፈሯ ብቻ አድርሳ፣ ዓይኗን፣ አፏንና ልቧን በመስቀል ምልክት አማትባ ዐረፈች። ለመግነዝ የሚሆን ልብስ ቢፈለግ ከለበሰችው መጐናጸፊያ፣ ከራስ መሸፈኛዋና ካለቀ ጫማዋ በቀር ምንም አልነበራትም። በአንገቷ የብረት መስቀልና ቀለበት ተገኘ፤ ቀለበቱ ውስጡ ክፍት ሆኖ ከጌታ መስቀል ዕንጨት የተከፈለ ነበረበት። ጎርጎርዮስ መስቀሉን አብራት ለኖረች እኅት ሰጥቶ ቀለበቱን ለራሱ ወሰደ። ይህችው እኅት መብራት አስጠግታ በማክሪና ደረት ላይ ያለች ቀጭን ጠባሳ አሳየችው። በወጣትነቷ በደረቷ ላይ ክፉ እብጠት ወጥቶባት፣ አካሏን ለሐኪም ማሳየት አፍራ እናቷን በእጇ እንድታማትብበት ለምና ነበር፤ እናቷም ስታማትብበት ዳነች። ወንድሟ ይህን እስከዚያች ሌሊት አያውቅም ነበር።

መቃብሩ ወላጆቿ ባረፉበት በአርባው ሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ እነዚህ መጋቢት 13 ቀን የምናስባቸው የሰብስጥያ ሰማዕታት ናቸው። መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆንም ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ቀኑን ሙሉ ወሰደ። ጎርጎርዮስ ከፊት ሆኖ አልጋዋን ተሸክሟል። መቃብሩ ሲከፈት የአባትና የእናቱን ሬሳ ራቁቱን ማየት ስለ ፈራ፣ አስቀድሞ በነጭ በፍታ ሸፈናቸው። ከዚያም ከአገሩ ጳጳስ ጋር ሆኖ ማክሪናን አንሥተው በእናቷ አጠገብ አስተኟት። እናትና ልጅ በሕይወት ሳሉ ሁለቱም ይህን ይለምኑ ነበር።