ካርል አወር ፎን ቬልስባኽና የአንድ በመቶው ምሥጢር
(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር በ1858 በቪየና ተወለደ። በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በሮበርት ቡንዘን ሥር ተምሮ በ1882 የዶክትሬት ማዕረግ ካገኘ በኋላ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ያልተለየውን የብርቅዬ ምድር ንጥረ ነገሮች ጥናት ጀመረ። በ1885 አንድ ንጥረ ነገር ይመስል የነበረውን ዲዲሚየም ጨዉን ደጋግሞ በማሟሟትና ክሪስታል እንዲሠራ በማድረግ ለፕራሲዮዲሚየምና ለኒዮዲሚየም ከፈለው።

በዚያው ዓመት በብርቅዬ ምድር ንጥረ ነገሮች ጨዎች የተነከረ የጥጥ መረብ በጋዝ ነበልባል ግሎ የሚያበራበትን መብራት በስሙ አስመዘገበ። ይሁን እንጂ ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ መረቡም በቀላሉ የሚሰበር ስለነበር ገበያ አጣ፤ ፋብሪካውም በ1889 ተዘጋ። አወር ግን ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ የድብልቁን መጠን መመርመር ቀጠለ። መልሱንም በ1891 አገኘ፤ ይኸውም 99 በመቶ የቶሪየም ኦክሳይድና 1 በመቶ የሴሪየም ኦክሳይድ ነበር። ቶሪየሙ ብቻውን ደካማ ብርሃን ይሰጣል፤ ሴሪየሙ ከመጠን ሲያልፍም ብርሃኑ ይደበዝዛል። በአገራችን ማሾ የሚባለው ፋኖስ መረብ የዚህ ግኝት ልጅ ነው።

በ1907 አካባቢ አወርና ፈረንሳዊው ዦርዥ ኡርበን፣ ኢተርቢየም ይባል የነበረው የሁለት ንጥረ ነገሮች ድብልቅ መሆኑን በየፊናቸው አረጋገጡ። አወር በ1929 ዐረፈ።

ዛሬ በናኖ ቅንጣቶች ውስጥ ኢተርቢየም የማይታየውን ታሕተ ቀይ ጨረር ተቀብሎ ጉልበቱን ለኤርቢየም ያስተላልፋል፤ ኤርቢየሙም አረንጓዴ ብርሃን ያወጣል። የተለመደው ድብልቅ 20 በመቶ ያህል ኢተርቢየምና 2 በመቶ ያህል ኤርቢየም ነው። ኤርቢየሙ ሲበዛ አዮኖቹ ጉልበታቸውን እርስ በርስ ያባክናሉ፤ ስለዚህ መሐንዲሱ ዛሬም አወር የታገለበትን የመጠን ጥያቄ መመለስ አለበት።