የሃይንሪክ ሄርዝ ሕይወትና የሚነካኩ አካላት ሕግ

የሃይንሪክ ሄርዝ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ሬዲዮን ነው። በእርግጥም የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ያስረዳ እርሱ ስለ ሆነ የሞገድ ድግግሞሽ መለኪያ በስሙ ይጠራል። ነገር ግን ይህ ሊቅ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ የሠራው ሌላ ታላቅ ሥራ አለ። ይኸውም ሁለት ጠጣር አካላት ተነካክተው ሲጫኑ በመገናኛቸው ላይ ምን እንደሚሆን በሒሳብ ያስረዳበት ነው። የባቡር ጎማ በሐዲድ ላይ፣ የብረት ኳስ በኩሽኔታ ውስጥ፣ የማርሽ ጥርስ በሌላው ጥርስ ላይ ሲጫን የሚሆነው ነገር ሁሉ በዚሁ ሕግ ይመረመራል። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ ለአንባብያን ማቅረብ መልካም ነው። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄርዝ የካቲት ወር በ1857 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበር፤ ኋላም የከተማይቱ የምክር ቤት አባል ሆነ። ልጁ በትምህርቱ እጅግ የበረታ ነበር፤ ከአውሮፓ ቋንቋዎች አልፎ ዐረብኛ እስከ መማር ደርሷል። ሆኖም በመጽሐፍ ብቻ አልረካም። የእንጨት ሥራ ተማረ፣ በቶርኖ ብረትና እንጨት መሥራት ለመደ፣ ለሙከራ የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች በገዛ እጁ ያበጅ ነበር። ፕሮፌሰር መሆኑን የሰማው የቀድሞ የቶርኖ መምህሩ፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ባለሙያ ከሙያው በመቅረቱ እንዳዘነ ይነገራል።

መጀመሪያ የመረጠው መሐንዲስነትን ነበር። ለዚህም በፍራንክፈርት በሥራ ላይ ተለማምዶ በድሬስደን ትምህርቱን ጀመረ። የወታደርነት ግዴታውን ከፈጸመ በኋላ በ1877 ወደ ሙኒክ ሄደ። በዚያም ልቡ ወደ ፊዚክስ ምርምር እንዳዘነበለ ተረዳ፤ ነገር ግን ወጪውን የሚችለው አባቱ ስለ ነበረ ያለ እርሱ ፈቃድ መንገዱን መለወጥ አልወደደም። ሐሳቡን በደብዳቤ ገልጾ ምክር ጠየቀ፤ አባቱም ፈቀደለት። በሚከተለው ዓመት ወደ በርሊን ተሻግሮ ከታላላቆቹ ሊቃውንት ከሄልምሆልትዝና ከኪርሆፍ ዘንድ ተማረ። በ1880 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብሎ የሄልምሆልትዝ ረዳት ሆነ።

በዚያን ጊዜ በበርሊን የፊዚክስ ሊቃውንት ስለ ብርሃን ይመራመሩ ነበር። ሁለት ሌንሶች ተደራርበው ሲጫኑ፣ በሚነካኩበት ቦታ ዙሪያ የኒውተን ቀለበቶች የሚባሉ ባለ ቀለም ክበቦች ይታያሉ። ሄርዝ ይህን ሲመለከት አንድ ጥያቄ መጣለት። መስተዋቱ ምንም ጠንካራ ቢሆን ሲጫኑት በጥቂቱ ቅርጹን ይለውጣል፤ ታዲያ ይህ ለውጥ ምን ያህል ነው? በ1880 የገና ዕረፍት ሌሎች ሲያርፉ እርሱ ይህን ጥያቄ ይዞ ሒሳቡን ሠራ፤ በ1881 ጥር ወር መጨረሻም በበርሊን የፊዚክስ ማኅበር ፊት አቀረበው።

የሥራው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ሁለት የብረት ኳሶች ሳይጫኑ ቢነካኩ የሚገናኙት በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ነጥብ ስፋት የለውምና፣ ቅርጻቸው የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ ትንሹ ጭነት እንኳ መጠን የሌለው ግፊት ባስከተለ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኳሶቹ በመገናኛቸው ላይ በጥቂቱ ጠፍጠፍ ይላሉ፤ ነጥቧም ትንሽ ክበብ ትሆናለች። ጭነቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን የክበቡ ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ግፊቱ ግን የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ግፊቱ የሚበረታው በክበቡ መካከል ሲሆን፣ በዚያ ያለው ከአማካዩ አንድ ተኩል ጊዜ ይበልጣል፤ ወደ ዳር ሲሄድ እየቀነሰ በጠርዙ ላይ ያልቃል። ከዚህ ሕግ ተነሥተው ኋላ የመጡ ሊቃውንት ብረቱን የሚቆርጠው ኀይል ከላይ ሳይሆን ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንደሚበረታ ደርሰውበታል። የኩሽኔታ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከውስጥ የሚጀምረው ስለዚህ ነው።

ሄርዝ ለሒሳቡ ወሰን አበጀለት። አንዱ አካል በሌላው ውስጥ አይገባም። በመገናኛው ላይ መገፋፋት እንጂ መሳሳብ የለም። ገጾቹ ለስላሶች ናቸው፤ ሰበቃም አልተቈጠረም። መገናኛው ከአካላቱ ይልቅ እጅግ ትንሽ ነው። እነዚህ ሁኔታዎች በሌሉበት ሕጉ እንደማይሠራ ማወቅ የመሐንዲሱ ፈንታ ነው። በ1882 ደግሞ ሥራውን ለመሐንዲሶች በሚስማማ መልክ አሳተመ፤ በዚህም የብረትና የመስተዋት ጥንካሬ የሚለካበትን መንገድ ጨመረበት።

ዛሬ መሐንዲስ አንድን መሣሪያ ከመሥራቱ በፊት ጥንካሬውን በኮምፒዩተር ይፈትናል። ለዚህም ሥዕሉን በመረብ አምሳል ወደ ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፍለዋል፤ ክፍሎቹም በቋጠሮዎች ይያያዛሉ። ዳሩ ግን ሁለት የመሣሪያ ክፍሎች ጎን ለጎን ስለ ተሣሉ ብቻ ኮምፒዩተሩ የሚነካኩ መሆናቸውን አያውቅም፤ ካልተነገረው አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ጥላ ያልፋል። ስለዚህ መሐንዲሱ የትኛው ገጽ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ፣ እንደ ተበየደ ብረት የተጣበቁ እንደ ሆነ፣ ወይም የሚንሸራተቱና የሚለያዩ እንደ ሆነ መወሰን አለበት። የተጣበቁ ከሆኑ በመገናኛቸው ላይ ቋጠሮዎቹን በጋራ ሊይዙ ይችላሉ፤ የሚንሸራተቱ ከሆኑ ግን ለየራሳቸው ቋጠሮ ሊኖራቸው ይገባል።

በዚህ ላይ የሚደረግ ስሕተት ቀላል አይደለም። በቡሎን የታሰሩ ሁለት ብረቶች እንደ ተጣበቁ ተደርገው ቢሰሉ፣ በእውነት ጭነቱ ሲከፍታቸው በሒሳቡ ግን ተያይዘው ይቀራሉ፤ ቡሎኑም የሚሸከመው ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል። እንዲሁም የመረቡ አንድ ክፍል ከመገናኛው ክበብ የሚሰፋ ከሆነ፣ በመካከል ያለው ብርቱ ግፊት ሳይታይ ያመልጣል። በወረቀት ላይ ያማረው ሥራ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ መሐንዲስ አስቀድሞ ሁለት ኳሶችን በኮምፒዩተሩ ያሰላና ውጤቱን ከሄርዝ ሕግ ጋር ያስተያያል። ካልተስማማ መረቡን ወይም የመገናኛውን አገላለጽ ያርማል።

ሄርዝ ከዚያ በኋላ በኪል አስተማረ፤ በ1885 በካርልስሩኤ ፕሮፌሰር ሆኖ በማግሥቱ ዓመት ኤልሳቤጥ ዶልን አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በዚያው ከተማ እስከ 1888 ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ማክስዌል በሒሳብ የተነበየውን የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ በተግባር አሳየ። በ1889 ወደ ቦን ተዛወረ። ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ ጽኑ ሕመም ያዘው፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም አልዳነም። በሕመሙ መካከል እንኳ የመካኒክስ መሠረተ ሐሳብ መጽሐፉን ይጽፍ ነበር። በ1894 የዓመቱ መጀመሪያ ቀን በ36 ዓመቱ ዐረፈ፤ መጽሐፉም በዚያው ዓመት ታተመ።

ከዚህ ታሪክ እኛ ተማሪዎች የምንማረው ብዙ ነው። የእጅ ሥራን ሳይንቅ ቶርኖ የተማረው ልጅ ብረትንና መስተዋትን የሚገዛውን ሕግ አገኘ። ሌሎች የቀለበቶቹን ቀለም ሲያዩ እርሱ የመስተዋቱን መጨነቅ አስተዋለ። የመሣሪያ ብርታት በእያንዳንዱ ክፍል ብቻ ሳይሆን ክፍሎቹ በሚገናኙበት ቦታ ይፈተናልና፣ ነገ መሐንዲስ፣ መካኒክ ወይም መምህር የምንሆን ሁሉ መገጣጠሚያውን ሳንመረምር ሥራችን ተፈጸመ አንበል።