አልበርት ጉድሙንድሶን፤ ለአይስላንድ የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ሰው

የትምህርት ቤታችን መጽሔት በወጣ ቁጥር የነገሥታት፣ የጦር አበጋዞችና የሊቃውንት ታሪክ ሲቀርብላችሁ ቆይቷል። እኔ ግን ዘንድሮ የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ታሪክ ልጽፍላችሁ ፈቅጃለሁ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ኳስ ምን ቁም ነገር አለው ይሉኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ ሰው ከኳስ ሜዳ ተነሥቶ የአገሩ የገንዘብ ሚኒስትርና አምባሳደር እስከ መሆን የደረሰ ስለ ሆነ ጥቂት ብትታገሡኝ አትጸጸቱም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ስለዚህ ሰው ለማወቅ የተነሣሣሁት የአይስላንድ ብሔራዊ ቡድን ከሌሎች አገሮች ጋር ያደረጋቸውን ግጥሚያዎች ዝርዝር ስመለከት ነው። ዝርዝሩ የሚጀምረው ከ1946 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ዴንማርክ 3 ለ 0 እንዳሸነፈች ተጽፏል፤ በሁለተኛው ኖርዌይ 4 ለ 2 አሸንፋለች። ወረድ ሲሉ ሽንፈቱ 5 ለ 1፣ 8 ለ 0፣ 8 ለ 3 እያለ ይቀጥላል፤ በ1967 ዓ.ም. ላይ ሲደርስማ 14 ለ 2 የሚል ይገኛል። እንዲህ ያለ ቁጥር በአገሮች ጨዋታ እምብዛም አይታይም። ይህ ቡድን በኋላ ዘመን እንግሊዝን ከአውሮፓ ዋንጫ እንዳስወጣ የምናውቅ ሁሉ በመካከሉ ምን ተደርጎ ነው ብለን መጠየቃችን አይቀርም። በዚህ ጉዳይ የደከሙት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ ስሙ የሚገኘውን አንዱን ሰው መርጫለሁ።

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ፣ እሳተ ገሞራና የበረዶ ግግር ጎን ለጎን የሚኖሩባት ደሴት ናት። ስፋቷ 103 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በ1946 ዓ.ም. የነበራት ሕዝብ 130 ሺህ ገደማ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን 4 መቶ ሺህ አይሞላም። ለብዙ መቶ ዓመታት በዴንማርክ ዘውድ ሥር ኖራ ሪፑብሊክ መሆኗን ያወጀችው በጁን 17 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው።

የአገሩ ሰዎች አጠራር ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። አይስላንዳውያን እንደ ሌላው አውሮፓዊ የቤተሰብ ስም የላቸውም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ ከኋላው የሚከተለው የአባቱ ስም ነው። ጉድሙንድሶን ማለት የጉድሙንዱር ልጅ ማለት ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። የስልክ ማውጫቸው እንኳ የሚዘረዘረው በራስ ስም ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ እኔም እንደ አገራቸውና እንደ አገራችን ልማድ አልበርት እያልኩ እቀጥላለሁ።

አልበርት በኦክቶበር 5 ቀን 1923 ዓ.ም. በዋናው ከተማ በሬይክያቪክ ተወለደ። ልጅ ሳለ የገባው ቫሉር ወደሚባለው ክለብ ነው፤ ይህም በ1911 ዓ.ም. በከተማው የወ.ወ.ክ.ማ. ልጆች የተመሠረተ ነው። በዚያን ጊዜ ሜዳው ሣር ያልበቀለበት ጠጠር ነበር፤ በላዩ የወደቀ ሁሉ ጉልበቱ ሳይላጥ አይነሣም። የጨዋታው ወራትም አጭር ነበር። በታኅሣሥ ወር በሬይክያቪክ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ረፋዱ ላይ ወደ 5 ሰዓት ሲሆን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ስለዚህ ኳስ የበጋ ጨዋታ ነበረ፤ ክረምት ሲገባ ሁሉም ጫማውን ይሰቅላል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

በ1944 ዓ.ም. ጦርነቱ ገና ሳያልቅ አልበርት የንግድ ትምህርት ሊማር ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ግላስጎው ከተማ ሄደ። እዚያም ሬንጀርስ በሚባለው ታላቅ ክለብ ተጫወተ። በጁላይ 17 ቀን 1946 ዓ.ም. አይስላንድ በሬይክያቪክ የመጀመሪያዋን ግጥሚያ ስታደርግ ከአሥራ አንዱ አንዱ እርሱ ነበር። ባላጋራዋ ደግሞ የቀድሞ ገዢዋ ዴንማርክ ነበረች። ሪፑብሊኩ ከታወጀ ገና ሁለት ዓመት ከአንድ ወሩ ነበርና ሕዝቡ በዚያ ቀን ምን ተመኝቶ እንደ ወጣ መገመት አያስቸግርም። የሆነው ግን 3 ለ 0 ነው።

በዚያው ዓመት በመጸው አልበርት ወደ ለንደን ሄዶ ለአርሰናል ሁለት የሊግ ጨዋታዎች ተጫወተ። የተጫወተው ያለ ደመወዝ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለውጭ አገር ተጫዋች የሥራ ፈቃድ መስጠት አልፈቀደምና በዚያ አገር ኳስን እንጀራው ሊያደርግ አልቻለም። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ወደ ፈረንሳይ፣ ናንሲ ወደሚባለው ክለብ ሄደና የመጀመሪያው ደመወዝተኛ አይስላንዳዊ እግር ኳስ ተጫዋች ሆነ።

ከመሄዱ በፊት ግን ለአገሩ አንድ ነገር አድርጎ ነበር። የአይስላንድ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በማርች 1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ በጁላይ ወር ኖርዌይን ወደ ሬይክያቪክ ጋበዘ። ኖርዌይ 4 ለ 2 አሸነፈች፤ የአይስላንድን ሁለት ጎሎች ያገባው አልበርት ነበር። አገሪቱ በብሔራዊ ቡድን ታሪኳ ያገኘቻቸው የመጀመሪያዎቹ ጎሎች እነዚህ ናቸው። አልበርት ለብሔራዊ ቡድን በጠቅላላው የተሰለፈው ስድስት ጊዜ ብቻ ሲሆን ያገባውም እነዚህኑ ሁለቱን ነው። በቁጥር ለሚፈርድ ሰው ይህ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሦስተኛውንና አራተኛውን ከማግባት የመጀመሪያውን ማግባት ይከብዳል ብዬ አምናለሁ።

በ1948 ዓ.ም. ጣልያኖች ወሰዱትና ለሚላን 14 ጨዋታ ተጫወተ፤ ሁለት ጎልም አገባ። ጉልበቱ ስለ ተጎዳ ብዙ አልቆየም። ከዚያም ከ1949 እስከ 1952 ዓ.ም. ለፓሪሱ ራሲንግ ክለብ ተጫወተ፤ ክለቡ በ1950 ዓ.ም. ለፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በሬምስ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ፈረንሳዮች ነጭ ዕንቁ የሚል ስም አወጡለት። ቀጥሎ ለኒስ ከተማ ክለብ ተጫውቶ ወደ አገሩ ተመለሰና የጅምላ ንግድ ከፈተ።

እርሱ በፓሪስ ሳለ ብሔራዊ ቡድኑ አንድ የደስታ ቀን አየ። በጁን 29 ቀን 1951 ዓ.ም. አይስላንድ ስዊድንን 4 ለ 3 አሸነፈች። ስዊድን በ1948 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች፣ በ1950 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ሦስተኛ የወጣች አገር ነበረች። አራቱንም ጎሎች ያገባው ሪክሃርዱር ዮንሶን የተባለ የአክራነስ ከተማ ሰው ነው። የሚያስገርመው በዚያው ዕለት የአይስላንድ ሯጮችና ዘላዮች በኦስሎ ከተማ ዴንማርክንና ኖርዌይን አሸንፈው ነበር። ትንሽ አገር እንዲህ ያለ ቀን ካገኘች ልጅ ልጆቿ ሲያወሩት ይኖራሉ።

ነገር ግን የመከራው ቀንም አይረሳም። በኦገስት 23 ቀን 1967 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ዴንማርክ 14 ለ 2 አሸነፈች። በዕረፍት ሰዓት 6 ለ 0 ነበር፤ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ስምንት ተጨመረ። የዴንማርክ ቡድን በዚያን ጊዜ በደመወዝ የሚጫወቱትን የማያሰልፍ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ መራራ ያደርገዋል። አይስላንዳውያን እስከ ዛሬ 14 ለ 2 የተባለ እንደ ሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1968 ዓ.ም.፣ የፌዴሬሽኑን ሊቀ መንበርነት የተቀበለው አልበርት ነው። የተሳካለት ነጋዴ ነበር፤ ስሙም በአውሮፓ የታወቀ ነበር፤ እንዲህ ያለውን የውርደት ሸክም ለመሸከም ምንም የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም ተጫዋቾቹ በክረምት ጫማቸውን እንዳይሰቅሉ አደረገ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ብሔራዊ ቡድኑ በየእሑዱ ከክለቦች ጋር እንዲጫወት አዘዘ። በረዶም ይውረድ፣ ዝናብም ይዝነብ፣ ጨዋታው አይቀርም ነበር። ተጫዋቾቹ ሁሉ ሳምንቱን በየሥራቸው የሚውሉ ሰዎች ነበሩና የዕረፍት ቀናቸውን በጭቃና በነፋስ ማሳለፋቸው ቀላል አልነበረም። ሌሎች አገሮች ዓመቱን ሙሉ ሲለማመዱ አይስላንድ ግማሹን ዓመት ተኝታ ልትወዳደር እንደማትችል እርሱ በአራት አገሮች ተጫውቶ አይቶታል።

ይህ በሆነ ማግሥት ድል መጣ ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምር ነበር፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ለ1974ቱ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ አይስላንድ ስድስት ጊዜ ተጫውታ ስድስቱንም ተሸነፈች፤ ሁለት ጎል አግብታ 29 ገባባት። ከቤልጅግና ከሆላንድ ጋር ያደረገቻቸውን አራቱንም ጨዋታዎች በባላጋራዎቿ ሜዳ ነበር የተጫወተችው። አልበርት በ1973 ዓ.ም. ሊቀ መንበርነቱን ሲለቅ የውጤቱ ዝርዝር ከተቀበለበት ጊዜ ብዙ የተሻለ መልክ አልነበረውም። የዘራውን ያጨዱት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው። በጁን 5 ቀን 1975 ዓ.ም. በሬይክያቪክ ምሥራቅ ጀርመን 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ ይህች ምሥራቅ ጀርመን ከአንድ ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን ያሸነፈች ናት።

አልበርት በዚያን ጊዜ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ነበር። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ 15 ዓመት በምክር ቤት ተቀመጠ። ችግር ያለበት ድሀ ሁሉ ወደ ቢሮው ይሄድ እንደ ነበርና እርሱም ጉዳዩን ይዞ ይሯሯጥለት እንደ ነበር ይነገራል፤ ወዳጆቹ ይህን ደግነት ሲሉት ነቃፊዎቹ ድምፅ መሰብሰቢያ ነው ይሉት ነበር። በ1980 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ከአራት ሰዎች ሦስተኛ ወጣ፤ ያሸነፉት ወይዘሮ ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር በዓለም ላይ በሕዝብ ምርጫ ፕሬዚዳንት የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከ1983 እስከ 1985 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትር፣ ከዚያ የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነ። በሬይክያቪክ ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ ውሻ ማሳደር ክልክል ነበር፤ ሚኒስትሩ ግን ሉሲ የምትባል ውሻ በቤቱ ስለ ነበረችው ተከሰሰ። ውሻዬን ከምሰጥ አገሩን ለቅቄ እሄዳለሁ እስከ ማለት መድረሱ በውጭ አገር ጋዜጦች ሳይቀር ወጣ፤ ሕጉም በዚያው በ1984 ዓ.ም. ላላ።

የሰው ታሪክ ሲጻፍ መልካም መልካሙን ብቻ መልቀም ልማድ ሆኗል። እኔ ግን ይህን ልደብቅ አልፈልግም፤ አልበርት በ1987 ዓ.ም. ከአንድ የመርከብ ኩባንያ የተቀበለውን ገንዘብ ለግብር ሳያስታውቅ በመቅረቱ ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። ይህ ጥፋት ነው፤ የገንዘብ ሚኒስትር ለነበረ ሰው ደግሞ ይብሳል። እርሱ ግን ከፓርቲው ወጥቶ የዜጎች ፓርቲ የሚባል አቋቋመና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ63 የምክር ቤት ወንበሮች ሰባቱን አገኘ። በ1989 ዓ.ም. አምባሳደር ሆኖ ወደ ፓሪስ፣ በወጣትነቱ ወደ ተጫወተባት ከተማ ተመለሰ። በኤፕሪል 7 ቀን 1994 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ ዐረፈ። ዛሬ በሬይክያቪክ በብሔራዊው ሜዳ አጠገብ ሐውልቱ ቆሟል።

ከሞተ ከ22 ዓመት በኋላ፣ በጁን 27 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አይስላንድ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ ከአውሮፓ ዋንጫ አስወጣች። ጨዋታው የተደረገው አልበርት በተጫወተባት በኒስ ከተማ ነው። በዚያ ምሽት ለአይስላንድ ቴሌቪዥን ጨዋታውን ሲያስተላልፍ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸው ጉድሙንዱር ቤኔዲክትሶን የሚባል ጋዜጠኛ ነበር፤ ጩኸቱን በዓለም ሁሉ ያልሰማ የኳስ ወዳጅ ጥቂት ነው። ይህ ሰው ከአልበርት የልጅ ልጅ የወለደው ልጅ አለው፤ ልጁም በቅድመ አያቱ ስም አልበርት ተባለ። አይስላንዳዊ በአባቱ ስም ይጠራልና የልጁ ሙሉ ስም አልበርት ጉድሙንድሶን ሆነ። በ2018 ዓ.ም. አይስላንድ ወደ ሩስያ ስትሄድ በዓለም ዋንጫ ከተሳተፉት አገሮች ሁሉ እስከዚያን ጊዜ በሕዝብ ብዛት ትንሿ እርሷ ነበረች፤ ከተጫዋቾቿም ስም ዝርዝር ውስጥ ይኸው ስም ነበረበት።