የተሸጠው ልጅና የተሸጠው ጌታ

ልጆች ሆይ፤ ከቦርደዴ ቆላ አንሥቶ እስከ ወለጋ ድረስ የኦሮሞ ሕዝብ በሚናገርበት ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ መጀመሪያ የተረጐመው ሰው፥ በልጅነቱ ባሪያ ተብሎ የተሸጠ ነበር። ታሪኩም እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች ቁጥር እንናገራለን።

ይህ ሰው በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር ተወለደ፤ ስሙንም ሂካ አሉት። ትርጓሜውም የሚፈታ ማለት ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተበት። በ1869 ዓ.ም. ገደማ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እየተሸጠም እስከ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ዓ.ም. ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ሰው ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ፤ አናሲሞስ ነሲብም ተባለ። አናሲሞስ፥ ሐዋርያው ጳውሎስ እንደ ወንድም ይቀበለው ዘንድ ፊልሞናን የለመነለት የዚያ ባሪያ ስም ነው።

እንግዲህ እናስብ። እንደ ዕቃ የተሸጠውን ልጅ ምን ያጽናናዋል? እግዚአብሔር ኃያል ነው ቢሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሱን የገዙትም በእርሱ ላይ ኃያላን ነበሩ። መድኃኒታችን ግን በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰደደ፤ ተራበ፥ ደከመ፥ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አለቀሰ፤ በመጨረሻም በሠላሳ ብር ተሸጠ። ስለዚህ የተሸጠ ሰው ወደ እርሱ ሲቀርብ፥ ውርደቱን የሚነግረው መከራን ራሱ ለቀመሰ ወንድም ነው።

አናሲሞስ በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምሮ ተመለሰ። ወደ ወገኖቹ ለመግባት አንድ ጊዜ በሱዳን፥ አንድ ጊዜም በሸዋ በኩል ሞከረ፤ መንገዱ ግን ተዘጋበት። እርሱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ እያገዘችው፥ ሐዲስ ኪዳንን በ1893፥ መጽሐፍ ቅዱስንም በሙሉ በ1899 ዓ.ም. በኦሮምኛ አሳተመ። በ1904 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ገባ። በዚያም ተከሰሰ፥ እንዳይሰብክም ተከለከለ፤ ነገር ግን ማስተማሩን ሳይተው በ1931 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፈ።

የታሰረው ሂካ ተፈታ፤ ተፈትቶም ቃሉን ለወገኖቹ ፈታላቸው። እናንተም በኀዘንና በውርደት ቀን ብቻችሁን የቀራችሁ ሲመስላችሁ፥ ሰው የሆነውን ጌታ አስቡ፤ የተጽናናችሁበትንም ለራሳችሁ ብቻ አታስቀሩት።