በገና ቀን የተወለደው ንጉሥና ወንድሙ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ 44 ቀን ይጾማል። (በዘመነ ዮሐንስ ኅዳር 14 ይገባል፣ ልደትም ታኅሣሥ 28 ይውላል።) ነቢያት የጌታን መምጣት በናፍቆት እየጠበቁ ስለ ጾሙት በእነርሱ ስም ተጠራ። እኛም እንቆጥራለን፤ ነገር ግን አብዛኞቻችን የምንቆጥረው በጉ የሚታረድበትን ቀን ነው እንጂ እኛ የምንታረቅበትን አይደለም። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ በጌታችን የልደት ቀን የተወለደውን፣ ከገዛ ወንድሙም መከራ የደረሰበትን የቅዱስ ላሊበላን ሕይወት ከቤተ ልሔም ታሪክ ጋር እያስተያየን እንማማራለን።

ቅዱስ ላሊበላ ከአባቱ ከዛን ሥዩምና ከእናቱ ከኪሮርና በላስታ ሮሃ ታኅሣሥ 29 ቀን ተወለደ። ዘመኑ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የዛጉዬ ነገሥታት አገሪቱን የሚያስተዳድሩበት ጊዜ ነው። ገድሉ እንደሚነግረን ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው ከበቡት። የንብ መንጋ በሕፃን ላይ ሲሰፍር ማየት ለእናት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ቀፎ ያለው ሰው ያውቀዋል። እናቱ ግን ንቦቹ ሳይነድፉት እንደ ንጉሥ ሠራዊት ዙሪያውን ከበው ባየች ጊዜ ላሊበላ ብላ ሰየመችው። ንብ ንግሥናውን ዐወቀ ማለት ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ላል ማለት ማር ነውና ማር ይበላል ማለት ነው የሚሉም አሉ።

በቤተ ልሔምም እንደዚሁ ነበር። የዓለም ንጉሥ በተወለደበት ሌሊት ነገሩን ቀድመው የሰሙት በሜዳ ያደሩ እረኞች ናቸው። የራቤልና የግሼ ሰው ይህን ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም። በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው፣ ባናውን ተከናንቦ በጎቹን የሚጠብቅ ልጅ እንዴት እንደሚያድር እናውቃለን። የካህናተ አይሁድን ነገር ግን ልብ በሉ። ሄሮድስ ክርስቶስ የት እንደሚወለድ ሲጠይቃቸው ከመጽሐፍ አውጥተው ቤተ ልሔም መሆኑን በትክክል ነገሩት። ከኢየሩሳሌም እስከ ቤተ ልሔም እኮ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ገበያ የሚወጣ የእኛ አገር ሰው ከዚያ የሚበልጥ መንገድ ደርሶ ይመለሳል። ከካህናቱ መካከል ሄዶ ሕፃኑን ያየ ሰው ግን ወንጌል አልጻፈልንም። ይህ ነገር እኛን መጽሐፍ ይዘን የምንቆመውን አገልጋዮች ሊያስፈራን ይገባል።

እንግዲህ የንቦቹ ወሬ በቤተ መንግሥት ሲሰማ የደነገጠ ሰው ነበር። እርሱም ታላቅ ወንድሙ ሐርቤ ነው። ሰብአ ሰገል የተወለደው የአይሁድ ንጉሥ ወዴት ነው ብለው ሲጠይቁ ሄሮድስ እንደ ታወከ፣ ሐርቤም ከገዛ ቤቱ ንጉሥ ተወለደ ሲባል ታወከ። ሐርቤን ክፉ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ፍርሃቱ ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም። የአባታቸውን መሬት የተካፈሉ ወንድማማቾች ለአንድ ጥማድ፣ አንዳንዴም ለአንድ ክንድ ድንበር ሲካሰሱ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ ስንት ናቸው? ዙፋን ሲሆንማ ምን ያህል ይብስ! ከእኛ ወደ ሰሜን በወሎ አምባሰል ያለችውን ግሸን አምባን አስቡ። (ከእኛዋ ግሼ ጋር በስም ትቀራረባለች እንጂ ሌላ ናት።) ከዛጉዬ በኋላ የነበሩት ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች በዚያች አምባ ላይ አግዘው ያስጠብቁ የነበረው ይህንኑ ስለ ፈሩ ነው። ሄሮድስም ይህ ፍርሃት አይሎበት የገዛ ልጆቹን እንኳ አስገድሏል።

ቅዱስ ላሊበላ ካደገ በኋላ መከራው በረታ። አንዲት እኅቱ በመጠጥ መርዝ ጨምራ እንዳቀረበችለት ገድሉ ይተርካል። አብሮት የነበረ አንድ ዲያቆን እንደ ሥርዓቱ ቀድሞ ቀመሰና ወዲያው ወድቆ ሞተ። እኔም ዲያቆን ነኝና ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ዲያቆን ላይ ይቀራል። ላሊበላን ሳያገኙት እርሱ ሞተ። በቤተ ልሔምም ሄሮድስ ጌታን ፈልጎ ሲያጣ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ከዚያም የሚያንሱ ሕፃናት በእርሱ ፈንታ ታረዱ። የእናቶቻቸው ለቅሶ ከልደት በዓል ታሪክ ተለይቶ አይነበብም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሕፃናቱን ከሰማዕታት ትቆጥራቸዋለች።

ላሊበላ ጽዋውን ሊደፋው ይችል ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው ስለ እኔ ሲሞት እኔ እንዴት እተርፋለሁ ብሎ በፍቅር ተቃጥሎ የቀረውን ጠጣ። (ማንም ይህን አንብቦ እንዲህ ያድርግ አንልም፤ በቅዱሳን ዘንድ የተደረገውን እናደንቃለን እንጂ እግዚአብሔርን አንፈታተንም።) ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሆኖ ሳለ መላእክት ነፍሱን ወደ ሰማይ አውጥተው ወደ ፊት ከአንድ ዐለት ፈልፍሎ የሚሠራቸውን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት። ከዚያም ወደ ሥጋው ተመለሰ።

ቀጥሎ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በሐሰት ተከሶ ሐርቤ ፊት ቀረበ፣ ተገረፈም፤ ጅራፉ ግን አልጎዳውም ይላል ገድሉ። ጌታ ከእናቱና ከዮሴፍ ጋር ወደ ግብፅ እንደ ተሰደደ እርሱም ወደ በረሃ ተሰደደ፣ የዱር ሥር እየበላ ኖረ፣ ባለቤቱ መስቀል ክብራም መከራውን ተካፈለች። በመልአክ መሪነት ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ቅዱሳት መካናትን ተሳለመ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1187 ኢየሩሳሌም በሳላሕዲን እጅ የገባችው በእርሱ ዕድሜ ነው። በሮሃ ጎልጎታን፣ ቤተ ልሔምንና ዮርዳኖስን ሲሰይም ወደዚያ መሄድ የከበደውን ሕዝብ አስቦ ነው የሚሉ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የሄሮድስን መጨረሻ ሁላችን እናውቃለን። ሕፃናቱን አርዶ፣ ንስሐ ሳይገባ በክፉ ደዌ ሞተ። የሐርቤ መጨረሻ ግን ሌላ ነው። ጌታችን ለሐርቤ ተገልጦ መንግሥቱን ለወንድሙ እንዲያስረክብ ነገረው። ልብ በሉ፤ ሄሮድስም ነግረውታል። ሰብአ ሰገል ከሩቅ አገር መጥተው ነገሩት፣ ካህናት ከመጽሐፍ ነገሩት። ከሁለቱ ነገሥታት አንዱም አልሰማሁም ሊል አይችልም። ሄሮድስ የሰማውን መግደያ አደረገው፤ እርሱም እንደሚሰግድ መስሎ የሕፃኑን አድራሻ ጠየቀ። ሐርቤ የሰማውን መታረቂያ አደረገው። ላሊበላ በተመለሰ ጊዜ ወጥቶ ተቀበለው፣ የበደለውን ሁሉ ይቅር እንዲለው ለመነው፣ ከዙፋኑም ወርዶ ወንድሙን አነገሠው። በሄሮድስ መንገድ የጀመረ ሰው በሰብአ ሰገል መንገድ ጨረሰ። እነርሱ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መጡ፤ ሐርቤ ዘውዱን አመጣ።

በእኛ አገር ወግ ታናሽ ነው ታላቁን ደጅ የሚጠና። ቂም ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ይመጣል፤ ታላቅየውም ተቀምጦ ይጠብቃል። ታላቅ ከሆነ ደግሞ በዳይ እንኳ ቢሆን መሄድ ያፍራል፣ እኔ ልሂድ እንዴ ይላል። ሐርቤ ታላቅ ነበረ፣ ንጉሥም ነበረ። እርሱ ግን ሄደ። ልደት ማለትስ ይኸው አይደለም? በዳዮች እኛ ሆነን ሳለ ከሰማያት የወረደው እርሱ ነው፣ በግርግም የተኛው እርሱ ነው። አምላክ ሳይበድል ወደ በደለው ከመጣ የበደለ ሰው ወደ ተበደለው መሄድ እንዴት ይከብደዋል?

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አጥር ብቻ የሚለያቸው ወንድማማቾች፣ አንዱ በምዕራብ በር ሲገባ ሌላው በሰሜን በር የሚገባ፣ 44ቱን ቀን ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ጾመው ገናን ግን ሳይነጋገሩ የሚውሉ በየደብሩ አሉ። ልጆቻቸውም የአጎታቸውን ልጅ እንደ ጠላት እያዩ ያድጋሉ። አንዳንዱ ነገር ክስ ሆኖ ይቀራል፣ አንዳንዱ ግን ደም ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ካለ የንስሐ አባቱ ቤት ሩቅ አይደለም፣ ጾሙም ገና አላለቀም።

ላሊበላም የራሱ ድርሻ ነበረው። ዙፋን ላይ በወጣ ማግሥት ወንድሙን ሊያስር ይችል ነበር፤ የዚያን ዘመን ንጉሥ ይህን ቢያደርግ ማንም አይገረምም። እርሱ ግን ይቅር አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ከዛጉዬ ነገሥታት አራቱን ቅዱሳን ትላቸዋለች፤ እነርሱም ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ሐርቤ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ ናቸው። አዎን፣ ሐርቤም ከእነርሱ ጋር ነው! በሌላ ስሙ ገብረ ማርያም ይባላል።

ቅዱስ ላሊበላ 40 ዓመት እንደ ነገሠ ይነገራል። ስሙ በገድል ብቻ የተነገረ ንጉሥ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ባሉ መንበረ ታቦቶች ላይ ተቀርጿል፣ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን የፓትርያርኮች ታሪክም እርሱንና ንግሥት መስቀል ክብራን ያነሣል። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ23 ዓመት እንደ ተጠናቀቁ፣ ቀን ሰዎች ሌሊት መላእክት እንደ ሠሩ በትውፊት ይተረካል። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየሁትን ብጽፍ ማን ያምነኛል ብሎ ሠግቷል። ዓለም በቅርስነት የመዘገባቸው በአውሮፓውያን 1978 ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር ይበልጣል፤ ይህ ሁሉ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠራ ሳይሆን ዐለቱ እየተቀነሰ የተገኘ ነው። ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ ይገነባል፤ ከዐለት የሚፈለፍል ግን አንዴ ያነሣውን አይመልስም።

በየዓመቱ የልደት በዓል በዚያ ሲከበር ካህናቱ በቤተ ማርያም ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሹ ከላይ በዐለቱ ጠርዝ ዙሪያውን ይቆማል፣ ግማሹ ከታች በቅጽሩ ውስጥ ሆኖ ቤዛ ኩሉን እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞቹ ምሳሌ ናቸው። ከየአገሩ በእግሩ ተጉዞ የደረሰው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ ያንን ሲሰማ የመንገዱን ድካም ይረሳል።

ቅዱስ ላሊበላ ሰኔ 12 ቀን ዐረፈ። መካነ መቃብሩም በቤተ ጎልጎታ ነው። መንግሥቱን የተረከበው የወንድሙ የሐርቤ ልጅ ቅዱስ ነአኩቶ ለአብ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።