አሌክሳንድር ሊያፑኖቭ፦ የርጋታን ጥያቄ በማስረጃ የፈታ ሊቅ

በመሐንዲስነት ሙያ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ቀዳሚው፣ አንድ ነገር ከቦታው ጥቂት በተነቀነቀ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይስ እየራቀ ሄዶ ይጠፋል የሚለው ነው። ድልድይ የሚሠራውም፣ የእንፋሎት ሞተርን ፍጥነት የሚገራውም፣ በመግነጢስ ኀይል አየር ላይ የተንሳፈፈ ዘንግ የሚያሽከረክረውም ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ሥራውን ለሰው ሊያስረክብ አይችልም። ጥያቄው ከግምትና ከተስፋ ወጥቶ በማስረጃ የሚመለስ እንዲሆን ያደረገው ሩሲያዊው የሒሳብና የሜካኒክስ ሊቅ አሌክሳንድር ሚኻይሎቪች ሊያፑኖቭ ነው። ስሙ በቁጥጥር ትምህርት መጻሕፍት ሁሉ ይገኛል፤ የሕይወቱ ታሪክ ግን የዚያን ያህል አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሊያፑኖቭ በ1857 ዓ.ም. በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በያሮስላቭል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሚኻይል ቫሲልየቪች በካዛን ዩኒቨርሲቲ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ያገለገለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሲሆን፣ በኋላ በያሮስላቭል የዴሚዶቭ ሊሴ ዲሬክተር ሆኖ ነበር። አባቱ በ1868 ዓ.ም. ሲሞት አሌክሳንድር ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበር። የቤት ውስጥ ትምህርቱን የተከታተለው በአክስቱ ባል በራፋይል ሴቼኖቭ ዘንድ ነው፤ እዚያም ከአክስቱ ልጅ ከናታልያ ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጦ ተማረ። እናቱ ሶፊያ አሌክሳንድሮቭና በ1870 ዓ.ም. ሦስቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ተዛወረች። ከወንድሞቹም ሰርጌይ ታዋቂ የሙዚቃ ደራሲ፣ ቦሪስም የስላቭ ቋንቋዎች ሊቅ ለመሆን በቅተዋል። እርሱ በ1876 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በወርቅ ሜዳልያ ፈጽሞ ወደ ፒተርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በዚያ ዘመን የፒተርስቡርግ የሒሳብ ትምህርት የሚመራው በፓፍኑቲ ቼቢሼቭ ነበር። ቼቢሼቭ ተማሪዎቹን ቀላል ጥያቄ ይዘው እንዲደክሙ አይፈልግም፤ ትልቅና አስቸጋሪ ጥያቄ እንዲጋፈጡ ይመክራል እንጂ። ሊያፑኖቭም በ1880 ዓ.ም. ትምህርቱን ጨርሶ ለምርምር በተዘጋጀ ጊዜ፣ በ1882 ዓ.ም. አንድ ከባድ ጥያቄ አቀረበለት። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ በራሱ ስበት ተያይዞ በጠፈር ውስጥ የሚሽከረከር ፈሳሽ አካል በዝግታ ሲዞር ከላይና ከታች የተዳመጠ ሉል ይሆናል፤ ፍጥነቱ ከአንድ ልክ ሲያልፍ ከእነዚህ ከታወቁት ኤሊፕሶይድ ከሚባሉት ቅርጾች የተለየ አዲስ ሚዛናዊ ቅርጽ ሊይዝ ይችላልን?

ወጣቱ ተመራማሪ ብዙ ደከመ። በመጀመሪያው ግምታዊ ስሌት አዲስ ቅርጽ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ስሌቱ ከዚያ አልፎ እንዲሄድ በተፈለገ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ። ሌላ ሰው ቢሆን የመጀመሪያውን ግምት እንደ ግኝት አድርጎ ባሳተመው ነበር። ሊያፑኖቭ ግን ግምት ማስረጃ ሊሆን አይችልም ብሎ ጥያቄውን ለጊዜው አቈየውና ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ ይኸውም፣ የታወቁት ቅርጾች ራሳቸው የረጉ ናቸው ወይ የሚለው ነው። በዚህም ላይ የጻፈው የማስተርነት ድርሰት በ1884 ዓ.ም. ታትሞ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ተቀባይነትን አገኘ። እንግዲህ የሕይወቱ ዋና ሥራ የተጀመረው መልስ ባጣ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል።

በ1885 ዓ.ም. ወደ ካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሜካኒክስ ማስተማር ጀመረ። በዚያን ጊዜ ተማሪ የነበረውና በኋላ ራሱ ታላቅ ሊቅ የሆነው ቭላዲሚር ስቴክሎቭ እንደ መሰከረለት፣ አዲሱ መምህር ከተማሪዎቹ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ስለ ነበር በመጀመሪያ የጠበቁት በጥርጣሬ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ትምህርት በኋላ ግን ከልብ አከበሩት። የማስተማሩ ሸክም ከባድ ነበር። የሜካኒክስን ትምህርት በሙሉ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ስለ ነበረበት ምርምሩ ለጊዜው መቋረጡ ግድ ሆነ። በ1886 ዓ.ም. የልጅነት የትምህርት ጓደኛውን ናታልያን አገባ።

ከዚህ በኋላ ነው ስሙን ያስጠራው ሥራ የተወለደው። በ1892 ዓ.ም. የእንቅስቃሴ ርጋታን አጠቃላይ ጥያቄ የሚመረምረው የዶክተርነት ድርሰቱ በካርኮቭ የሒሳብ ማኅበር አማካይነት ታተመ፤ በዚያው ዓመትም በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ቀርቦ ተፈተነ። ከፈታኞቹ አንዱ የአየር በረራ ሳይንስ አባት የተባለው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ ነበር።

የዚህን ድርሰት ክብደት ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ልማድ ማየት ያስፈልጋል። ማክስዌል በ1868 እና ራውዝ በ1877 ዓ.ም.፣ ሩሲያዊው መሐንዲስ ቪሽኔግራድስኪም በ1876 ዓ.ም. የሞተሮች ፍጥነት መቈጣጠሪያ መቼ እንደሚረጋና መቼ እንደሚናወጥ በሒሳብ መርምረዋል። የተፈጥሮ እንቅስቃሴ የሚጻፍባቸው እኩልዮሾች እጅግ የተወሳሰቡ ስለ ሆኑ፣ ልማዱ ከአነስተኛ ንቅናቄ የሚመጡትን ዋና ዋና አካፋዮች ብቻ ይዞ ሌላውን መጣል ነበር። በዚህ አኳኋን የሚገኘው ሊኒያር እኩልዮሽ በቀላሉ ይፈታል። ሊያፑኖቭ ግን የጠየቀው፣ የተጣለው ክፍል ውጤቱን እንደማይለውጥ በምን ይታወቃል ብሎ ነው። ማሽኑ የሚሠራው በእውነተኛው እኩልዮሽ እንጂ መሐንዲሱ ባቀለለው እኩልዮሽ አይደለምና።

መልሱንም ለያይቶ አቀረበ። ሊኒያሩ እኩልዮሽ እያንዳንዱ ንቅናቄ በጊዜ ብዛት እየከሰመ እንደሚሄድ ካሳየ፣ የተጣለው ክፍል ምንም ይሁን ምን እውነተኛው እንቅስቃሴ የረጋ ነው፤ ንቅናቄው ትንሽ እስከ ሆነ ድረስ መተማመን ይቻላል። ከንቅናቄዎቹ አንዱ እንኳ እያደገ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ እንቅስቃሴው ያልረጋ ነው። ነገር ግን ንቅናቄው ሳይከስምም ሳያድግም በመካከል የሚቆይ ከሆነ፣ ሊኒያሩ እኩልዮሽ ዳኛ መሆኑ ይቀራል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ያው የተጣለው ክፍል ነው። ስለዚህም ዛሬ መሐንዲሶች በሊኒያር ስሌት ሲሠሩ የሚተማመኑበት ዋስትናም፣ ዋስትናው የሚያበቃበት ድንበርም የተሰጣቸው ከዚህ ድርሰት ነው።

ከዚህም በላይ ሊያፑኖቭ እኩልዮሹን ጨርሶ ሳይፈቱ ርጋታን ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ። ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ቀላል ነው። በጐድጓዳ ሳሕን ውስጥ ያለች ኳስ የምትጓዝበትን መንገድ በዝርዝር ሳናውቅ፣ ሰበቃ ኤነርጂዋን ያለማቋረጥ እየቀነሰ እንደሚሄድ ካወቅን፣ መጨረሻዋ የሳሕኑ ወለል መሆኑን እርግጠኛ ሆነን መናገር እንችላለን። ሊያፑኖቭ ይህን ሐሳብ ከኤነርጂ አወጥቶ አሰፋው። ከዕረፍት ቦታው ውጭ ሁልጊዜ ከዜሮ የሚበልጥ፣ በእንቅስቃሴውም ጊዜ ሁሉ እየቀነሰ የሚሄድ አንድ ፈንክሽን ከተገኘ፣ ይህ መጠን ኤነርጂ ሆነም አልሆነም ርጋታው ተረጋግጧል አለ። ለሊኒያር ሥርዓቶች ደግሞ ይህ ፈንክሽን በተራ አልጀብራ የሚገኝ መሆኑን አሳየ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው እኩልዮሽ ይህ ነው።

በ1901 ዓ.ም. የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ቼቢሼቭ በ1894 ዓ.ም. ከሞተ ወዲህ ባዶ ለነበረው ወንበር ሊያፑኖቭን መረጠው። በዚያው ወቅት በይሆንታ ሒሳብ ውስጥ እጅግ መሠረታዊ የሆነውን የማእከላዊ ገደብ ቲዎረም በሰፊ ሁኔታ የሚሠራ መሆኑን አረጋገጠ። ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ በፒተርስቡርግ ከማስተማር ሸክም ነፃ ሆኖ ሲቀመጥ፣ የመምህሩን ወንበር ብቻ ሳይሆን የመምህሩን ጥያቄም ወረሰ። በ1882 ዓ.ም. ትቶት የነበረውን የሚሽከረከር ፈሳሽ ጉዳይ እንደገና አነሣው፤ አዲሶቹ ቅርጾች በእርግጥ መኖራቸውንም ከ1906 እስከ 1914 ዓ.ም. በአራት ክፍል በታተመ ሥራ አረጋገጠ። በ25 ዓመት ወጣትነቱ ያልተመለሰለት ጥያቄ ጠጉሩ በሸበተ ጊዜ ተመለሰ።

በዚሁ ጉዳይ ላይ ጽናቱን የፈተነ ክርክር ተነሣ። ፈረንሳዊው ፖይንካሬ ካገኛቸው ቅርጾች አንዱ፣ ፒር የተባለውን ፍሬ ወይም የእኛን ቅል የሚመስል፣ አንድ ጫፉ የቀጠነ አካል ነበር። የዝነኛው የቻርልስ ዳርዊን ልጅ የሆነው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ዳርዊን፣ ይህ ቅርጽ የረጋ ነው የሚል ውጤት በረጅም ስሌት አግኝቶ ነበር፤ ጥንድ ከዋክብት ከአንድ አካል ተከፍለው እንዴት እንደ ተወለዱ ለማስረዳት ሐሳቡ እጅግ የተመቸ ነበር። ሊያፑኖቭ ግን በ1905 ዓ.ም. ቅርጹ የረጋ አይደለም ሲል አስታወቀ። ዳርዊን አልተቀበለውም፤ ሁለቱም በየአቋማቸው ጸኑ። ክርክሩ የተፈታው በ1917 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ጄምስ ጂንስ ስሌቱን እንደገና ሠርቶ የሊያፑኖቭን ትክክለኛነት አረጋገጠ። ዳርዊን በ1912 ዓ.ም. ሞቶ ስለ ነበር ይህን አላየም።

ፍርዱ በተሰጠበት ዓመት የሊያፑኖቭ ቤት በኀዘን ላይ ነበር። ናታልያ በሳንባ ነቀርሳ ትሠቃይ ስለ ነበር፣ በ1917 ዓ.ም. የበጋ ወራት የደቡብን ሞቃት አየር ፈልገው ወንድሙ ቦሪስ ወደሚኖርባት ወደ ኦዴሳ ሄዱ። ዘመኑ የጦርነትና የአብዮት ዘመን ነበር፤ የእርሱም ዓይን ብርሃን እየደከመ ሄዶ ነበር። ሆኖም በ1918 ዓ.ም. መጸው በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰማያዊ አካላት ቅርጽ ማስተማር ጀመረ። ጥቅምት 31 ቀን ናታልያ ሞተች። በዚያው ቀን ሊያፑኖቭ በራሱ ላይ ተኰሰ፤ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 3 ቀን 1918 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ ዐረፈ። ከሚስቱ ጋር በአንድ መቃብር እንዲቀበር የሚጠይቅ ማስታወሻ ትቶ ነበር። ስለ ፈሳሽ አካላት የጻፋቸው ያልታተሙ ሥራዎቹ ከሞቱ በኋላ በ1925 እና በ1927 ዓ.ም. ለሕትመት በቁ።

ድርሰቱ በ1907 ዓ.ም. በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ቢወጣም ለረጅም ጊዜ ብዙ አንባቢ አላገኘም። በ1930ዎቹ ዓመታት በካዛን የአቪየሽን ተቋም ኒኮላይ ቼታየቭ ያነሣው ሲሆን፣ በ1947 ዓ.ም. የፈረንሳይኛው ትርጉም በአሜሪካ በፕሪንስተን እንደገና ታተመ። በ1960 ዓ.ም. ሩዶልፍ ካልማን ከበርትራም ጋር ሆኖ የሊያፑኖቭን ሁለተኛ መንገድ ለመሐንዲሶች የሥራ መሣሪያ አድርጎ አቀረበው። በዚያው ዓመት ካልማን የሊኒያር ሥርዓቶችን ምርጥ የግብረ መልስ ቁጥጥር ሲያደራጅ፣ የአሮጌው ድርሰት ሐሳብ ከመሠረቱ ተገኘ። በምርጥ ቁጥጥር ከስሕተትና ከሚፈጀው ኀይል የሚመጣ ኪሳራ ይተመናል፤ ከአሁን ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚቀረው ኪሳራ በየቅጽበቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ይኸው ቀሪ ኪሳራ ራሱ የሊያፑኖቭ ፈንክሽን ነው። ስለዚህም በሚገባ የተቀመረ ምርጥ ቁጥጥር የርጋታ ማስረጃውን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል።

የዚህ ነገር ጥቅም ጐልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የመግነጢስ ኩሽኔታ ነው። ዘንግን ያለ ንክኪ፣ ያለ ዘይትና ያለ ሰበቃ ማሽከርከር የመሐንዲሶች የቆየ ምኞት ነው። ሆኖም እንግሊዛዊው ኧርንሾ በ1842 ዓ.ም. ባሳተመው ቲዎረም መሠረት፣ ቋሚ መግነጢሶች ብቻቸውን የቆመ አካልን በአየር ላይ አጽንተው ሊይዙ አይችሉም። ኤሌክትሮ መግነጢስም ቢሆን ዘንጉ በቀረበው መጠን አብልጦ ስለሚስበው፣ ያለ ቁጥጥር ቢተው ዘንጉ ከመግነጢሱ ጋር ይላተማል። ስለዚህ የዘንጉን ቦታ የሚለካ መሣሪያና የኤሌክትሪኩን መጠን በቅጽበት የሚያስተካክል ግብረ መልስ ያስፈልገዋል።

ሱፐርኮንዳክተር የሚባሉት፣ እጅግ ሲቀዘቅዙ የኤሌክትሪክ ተቃውሞአቸው የሚጠፋ ቁሶች ሌላ በር ከፍተዋል። እነዚህ ቁሶች የመግነጢስን መስክ ገፍተው እንደሚያስወጡ ማይስነርና ኦክሰንፌልድ በ1933 ዓ.ም. አሳዩ፤ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህም በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ማለትም በ77 ኬልቪን ሙቀት የሚሠሩ የሴራሚክ ዓይነቶች ተገኙ። እነዚህ መስኩን በውስጣቸው ቸንክረው ስለሚይዙ መግነጢሱ ያለ ቁጥጥር በራሱ ተንሳፍፎ ይረጋል። ነገር ግን የተነቀነቀውን ዘንግ ንዝረት የሚያከስሙበት ኀይል ደካማ ነው፤ ንቅናቄው ሊያፑኖቭ ድንበር ወዳደረገው ወደዚያ መካከለኛ ስፍራ ይቀርባል። ስለዚህ ንዝረትን ለማክሰም ግብረ መልስ የሚታከልበት ጊዜ አለ፤ የቁጥጥሩም ትክክለኛነት የሚመዘነው በ1892 ዓ.ም. በተሰጠው ሚዛን ነው።

ሊያፑኖቭ ኩሽኔታም ሆነ መቈጣጠሪያ ሠርቶ አያውቅም። ለመሐንዲሶች የተወላቸው ከዚህ የሚበልጥ ነው፤ ያቀለሉትን ስሌት ከእውነተኛው ማሽን ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ፣ እርሱም በሌለ ጊዜ አለ ብሎ ያለመናገር ልማድ። በወጣትነቱ ግማሽ መልስ ከማሳተም ዝም ማለትን መረጠ፤ መልሱ ሙሉ እስኪሆንለት ድረስም ከ20 ዓመት በላይ ጠበቀ። ማሽኑ ሲነቀነቅ ወደ ቦታው መመለሱ በማስረጃ በተረጋገጠ ቍጥር፣ በአጠገቡ የሚቆመው ሠራተኛ ደኅንነት የዚህ ትዕግሥት ፍሬ ነው።