ሄርማን ሆለሪዝና የሕዝብ ቆጠራ መኪናው

ለኅብረተሰብ ጥናት የሕዝብ ቆጠራ ውጤት የሚሻ ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው የታተመ ሠንጠረዥ ነው። ዕድሜ ከሙያ፣ ጾታ ከትውልድ አገር ጋር ተዛምዶ የሚቀርብበት ይህ ሠንጠረዥ ዛሬ ተራ ነገር ቢመስልም፣ ከመቶ ሠላሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ለታላላቅ መንግሥታት እንኳ አድካሚ ሥራ ነበር። ይህን ድካም ያቀለለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሳይሆን የማዕድን ምሕንድስና የተማረው አሜሪካዊ ሄርማን ሆለሪዝ ነው።

ሆለሪዝ ከጀርመን ከፈለሱ ወላጆች በ1860 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ ተወለደ። በ1879 ከኮሎምቢያ የማዕድን ትምህርት ቤት ሲመረቅ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ወዲያውም መምህሩ ዊሊያም ትሮውብሪጅ ወደ 1880ው የሕዝብ ቆጠራ ሥራ ይዞት ገባ።

በዚያ መሥሪያ ቤት የተመለከተው ችግር የቀሪ ዘመኑን ሥራ ወሰነለት። 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ቤት ለቤት መመዝገቡ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነበር። ጸሐፊዎች ከቅጹ ላይ እያነበቡ፣ በወረቀት ላይ ጭረት እየጫሩ፣ ጭረቱን መልሰው እየደመሩ ውጤቱን አጠናቅቆ ለማውጣት ግን ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። የባሰው ደግሞ አዲስ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር፣ ለምሳሌ ከውጭ አገር የመጡ ባል የሞተባቸው ሴቶች በየዕድሜው ስንት ናቸው ቢባል፣ ቅጾቹ እንደገና ከመጀመሪያው መገላበጥ የነበረባቸው መሆኑ ነው። የሞትና የጤና ስታቲስቲክሱን ይመራ የነበረው ሐኪሙ ጆን ሾው ቢሊንግስ ይህን ሥራ መኪና ሊሠራው እንደሚገባ ለወጣቱ ሐሳብ ሰጠው።

ሆለሪዝ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለአጭር ጊዜ ካስተማረ በኋላ ወደ ዋሽንግተን ተመልሶ በፓተንት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በመጀመሪያ የሞከረው የተበሳ የወረቀት ጥቅል ነበር። ይሁንና በጥቅል ላይ የአንዱ ሰው መረጃ ከሌላው ተነጥሎ ሊወጣ ስለማይችል፣ አንዱን ለመፈለግ ሁሉም መተርተር ነበረበት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ወደሚለው ሐሳብ የመራው የባቡር ተቆጣጣሪ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ቲኬት ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት የመንገደኛውን የጸጉርና የዓይን ቀለም በቀዳዳ ይመዘግብበት ነበር።

የመኪናው አሠራር ለመሐንዲስ ዓይን ዛሬም ያስደስታል። ሠራተኛው ካርዱን አስቀምጦ እጀታውን ሲጫን በስፕሪንግ የተያዙ መርፌዎች ይወርዳሉ። ካርዱ ያልተበሳ ከሆነ መርፌው ይታገዳል፤ ከተበሳ ግን አልፎ ሜርኩሪ ካለበት ትንሽ ጽዋ ውስጥ ይገባና የኤሌክትሪኩ መስመር ይዘጋል። ያን ጊዜም የሰዓት ገጽ ከሚመስሉት መቁጠሪያዎች የሚመለከተው አንድ እርምጃ ይራመዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ሪሌዩ ነው፤ ሁለትና ሦስት ቀዳዳዎች በአንድ ካርድ ላይ አብረው ሲገኙ ብቻ እንዲቆጠር ለማድረግ አስቻለ። ተመራማሪው የሚሻው የጾታ፣ የዕድሜና የትውልድ አገር ዝምድና በዚህ መንገድ በቀጥታ ከመኪናው ወጣ። ይሁን እንጂ መኪናው የሚመልሰው አስቀድሞ የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ የካርዱም ቀዳዳ የሰውን ስም አይናገርም።

በ1889 በሴንት ሉዊስ ከተማ መዝገቦች ላይ ሦስት ዘዴዎች ሲወዳደሩ፣ መረጃውን በካርድ ላይ ከበሱ በኋላ ቆጥሮ ለመጨረስ የሆለሪዝ መኪና 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ወሰደበት፤ ተወዳዳሪዎቹ ግን 44 ሰዓት ተኩልና 55 ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። በተከታዩ ዓመት የአገሩ ጠቅላላ ሕዝብ 62,622,250 መሆኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ተገለጸ። ከዚህ የላቀ ቁጥር የጠበቁ ብዙዎች ስለነበሩ ወቀሳው ለመኪናውም ተረፈ። ኮሎምቢያ በበኩሉ በዚያው በ1890 ለሥራው የዶክትሬት ማዕረግ ሰጠው። በ1897ም የሩሲያ ቆጠራ በእርሱ መኪናዎች ተሠራ።

ሆለሪዝ ቁጡና ግትር ሰው እንደነበር አይካድም። መኪናዎቹን አይሸጥም፤ የሚያከራየው ብቻ ነበር። የቆጠራው መሥሪያ ቤት አዲስ ኃላፊ ሳይመን ኖርዝ ኪራዩ በዛ ሲል ስምምነቱ በ1905 ፈረሰ። መሥሪያ ቤቱ የራሱን መኪና ማሠራት ጀመረ፤ ሆለሪዝም ቢከስ አልተሳካለትም። መንግሥት ለሕዝብ መረጃ በአንድ ነጋዴ ላይ ጥገኛ መሆን ባለመፈለጉ ሊወቀስ የሚገባው አይመስልም። ሆለሪዝ በ1911 ድርጅቱን ሸጠ፤ ይኸው ድርጅት ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ1924 አይ ቢ ኤም ተባለ። እርሱም በ1929 በዋሽንግተን አረፈ።

ከመሞቱ ስምንት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር 1921፣ በዋሽንግተን የንግድ ሚኒስቴር ሕንፃ ምድር ቤት እሳት ተነሳ። የ1890ው ቆጠራ ቅጾች ይቀመጡ የነበረው በዚያ ነበር። እናቶች ስንት ልጆች እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ሳይቀር፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በተለየ ቅጽ ተጠይቆ የተጻፈበት መዝገብ ከፊሉ ተቃጠለ፤ ከቀረው ብዙው በውሃና በጭስ ተበላሸ። በ1933 የአገሩ ምክር ቤት ቀሪው እንዲወገድ ፈቀደ። ዛሬ ከ62 ሚሊዮን ሰዎች መካከል ስማቸው በተረፈው ቅጽ ላይ የሚገኘው 6,000 ያህል ብቻ ናቸው። የ1880ንና የ1900ን ቅጾች ስም በስም ሊያነብ የሚችል ተመራማሪ፣ ስለ 1890 የሚያገኘው የሆለሪዝ መኪና ቆጥሮ ያወጣቸውን ሠንጠረዦች ነው።